ሸምሱ ያልመለሰው ካፖርት

ለባለቤቴ ለዘነበች፣

እንደ ደብዳቤ ወግ «ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል» ብዬ ልጀምር አልኩና ተውኩት። ያለሽበት ቦታ ሕመም የሌለበት እንደሆነ ቄሶቹ በየቀብሩ ይነግሩናል፤ የማውቀውን ነገር አልጠይቅም። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ዳገት ላይ ያስቸግረኛል፤ ክር በመርፌ ለማስገባትም ዓይኔ መነጽሩን ይዞ ይታገላል፤ ከዚህ ሌላ የሚነገር ሕመም የለኝም።

ከተለየሽኝ ሦስተኛው ክረምት ገባ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልሽ የሚጻፍ ነገር ስላልነበረ ነው። «ናፈቅሽኝ» ለማለት ብቻ ወረቀት የማበላሽ ሰው እንዳልሆንኩ ታውቂያለሽ። አሁን ግን የሚነገር ነገር መጣ፤ ደግሞም ደስ የሚል ነው። ያን ሁሉ ዘመን ስንከራከርበት የኖርነው ጉዳይ አለቀ። ማን እንደረታ በቦታው እነግርሻለሁ፤ እየዘለልሽ እንዳታነቢ።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርሽ። ሰናይት ኮንዶሚኒየሟ ውስጥ አንድ ክፍል ለቃልኝ «አባዬ፣ ናና አብረኸን ኑር» ትለኛለች። ልጅሽ ጥሩ ልጅ ናት፤ ግን አልሄድም። ሰው በሰው አናት ላይ የሚራመድበት ቤት ውስጥ አልተኛም ብያታለሁ። የሰፈሩ ሰው ብዙው ወደ ዳር ወጥቷል። መንገዳችን ሰፍቶ፣ ድንጋይ ተነጥፎበት፣ መብራት ቆሞለታል፤ አንቺ በክረምት ጫማሽን በእጅሽ ይዘሽ የምታልፊበት ጭቃ የለም። ከሱቄ ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር አኖሩ። በመጀመሪያ ሥራ ፈት ይሰበስባል ብዬ ተቃውሜ ነበር፤ አሁን ግን ከሰዓት በኋላ ሌላ ሰው ቀድሞኝ ሲቀመጥበት ያናድደኛል። የስፌት መኪናዬ እየሠራች ነው። ወጣቶቹ ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ሱሪ ያመጡልኛል። ልጥፈው ስነሣ «ኧረ ጋሼ፣ ቀዳዳውን አይንኩት፣ ወገቡን ነው የሚያጠብቡልኝ» ይሉኛል። አጠብባለሁ። ቀዳዳውን ግን ሳላየው ነው።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ስለ ድንጋዩ ነው። አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ፤ ነገር ግን ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰውም እንዲያነበው ስለምፈልግ ከመጀመሪያው እናገራለሁ፤ ታገሺኝ።

ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ እሪ በከንቱ ሲታለፍ፣ የዕድራችን ዕቃ ቤት አጠገብ፣ ከደረቴ የማይበልጥ ድንጋይ አለ። ከሰፈራችን ለምሥራቁ ጦርነት ዘምተው ላልተመለሱ ልጆች ዕድሩ ያቆመው ነው። ስማቸው ተቀርጾበታል። ከሁሉ በታች ያለው ስም «ሞገስ ወልደ ማርያም» ይላል። ሞገስ ወልደ ማርያም እኔ ነኝ።

ጥፋቱ የመርፌዬ ነው። ከመዝመቴ በፊት ፒያሳ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ እሠራ ነበር። ጌታዬ የደንበኛውን ስም በኮሌታው ገበር ላይ በቀይ ክር እንድጠልፍ ያዝዘኝ ነበር፤ ካፖርት ከካፖርት እንዳይቀያየር። ፊደል የቆጠርኩት እዚያው ነው፤ አስተማሪ አልነበረኝም፣ የሰው ኮሌታ ነበረኝ። ጦር ሠራዊት ገብቼ የመጀመሪያውን ካፖርት ስቀበልም እጄ አላረፈም። ስሜን ከነአባቴ ስም በኮሌታው ላይ፣ በማይፈታ ስፌት ጠለፍኩት።

ግንባር ላይ በቆሰልኩበት ዋዜማ ከሌላ ጦር ተቀላቅሎ የመጣ አንድ ልጅ ነበር። ሸምሱ ይባላል፤ ከቡታጅራ ወገን ነኝ ብሎኛል። የአባቱን ስም አልጠየቅሁትም፤ ማን እንደዚያ ይሆናል ብሎ! ወደ ማታ ለጥበቃ ሲወጣ ብርዱ ያንቀጠቅጠው ነበር። ካፖርቴን አውልቄ ሰጠሁትና «ሲነጋ ትመልሳለህ» አልኩት። «እሺ፣ ወንድም ጋሼ» አለኝ። እኩያዬ ነበር፤ «ጋሼ» ያለኝ ለካፖርቱ ነው። ሳይነጋ ጥይት መጣ። እኔን ከቆሰለው ቀኝ ጆሮዬ ጋር ወደ ሐረር ሆስፒታል ወሰዱኝ። እሱን እዚያው ቀበሩት፤ ኮሌታውን ገልጠው ያነበቡት ስም ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ተላከ።

መርዶው በማለዳ መጣልሽ። ገና ሙሽራ ነበርሽ። አለቀስሽ፣ ጥቁር ለበስሽ፣ ተስካሬን አወጣሽ፣ ሰፈሩ በላ። ዕድሩ ድንጋዩን ሲያቆም ስሜን ከሌሎቹ ዘማቾች ጋር አስቀረጸ። ከዚያ በኋላ ነው እኔ ድኜ፣ በራሴ እግር፣ ያንን ቁልቁለት ወርጄ በራፋችን ላይ የቆምኩት። አንቺ ያን ጊዜ ያልኩሽን እስክትሞቺ ድረስ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ታወሪው ነበር፤ አሁን እኔ ላውራው። ጥቁር ልብስሽን አየሁት። ግራ እጅጌው ተጣሟል። «ይህን ልብስ ማን ነው የሰፋው?» አልኩሽ። አንቺም ያን ሰምተሽ ነው፣ መንፈስ እንዳልሆንኩ ያመንሽው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሰፈሩ «ሟቹ» ሆኜ ቀረሁ። «ሱሪህን የት አሰፋኸው?» «ሟቹ ጋ።» ተስካሬን የበሉት ሁሉ «ሌላ ተስካር አለብህ፣ ያኛው አይቆጠርም» እያሉ አረጁ። እኔ ስሜ እንዲፋቅ ለዕድሩ አመለከትኩ። ሕያው ሰው በየማለዳው በገዛ መቃብሩ አጠገብ እያለፈ ሱቅ መክፈት የለበትም። ጉባኤው ሊስማማ ሲል አንቺ ተነሣሽ። በዚያ ዘመን ሴት በዕድር ጉባኤ ላይ ተነሥታ አትናገርም ነበር፤ አንቺ ግን ተነሣሽ። ያልሽው ዛሬም በግራ ጆሮዬ ውስጥ አለ፦

«እኔ ያለቀስኩት ለሰው ነው፤ ለካፖርት አይደለም። ስሙን ከፋቃችሁት ያ ልጅ የት ይገባል?»

ስሙም ሳይፋቅ ቀረ። ከዚያ ወዲያ በየወሩ በጊዮርጊስ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሺ በርጥብ ጨርቅ ድንጋዩን ታጥቢዋለሽ፤ ያገኘሽውን አበባ ከእኔ ስም ሥር ታኖሪያለሽ። እኔ ከሱቄ ሆኜ «አበባውን በቁሜ ስጪኝ» እላለሁ። አንቺ «ያንተ አይደለም» ትያለሽ። «ስሙ የኔ ነው፤ ካፖርቱም የኔ ነው፤ አውሼው ነው እንጂ አልሰጠሁትም» እላለሁ። «አሁንም ሊመልስልህ ትጠብቃለህ?» ትይኛለሽ። ይህን እየተባባልን ጠጉራችን ነጣ። እኔ ቃሌን አልቀየርኩም፤ አንቺም ጨርቅሽን አልጣልሽም።

እንግዲህ ዘንድሮ የሆነውን ስሚ። አንድ ቀን ሬዲዮው መንግሥት ዘማቾችን የሚረዳ፣ የጦርነት መታሰቢያዎችንም የሚጠብቅ አንድ መሥሪያ ቤት አቋቋመ አለ። እኔ አላመንኩም። መሥሪያ ቤት ተቋቋመ ማለት ወንበር ተገዛ ማለት ነው ብዬ ሬዲዮውን ዘጋሁት። የዕድራችን ሰብሳቢ አቶ ከድር፣ ድልድዩ ሥር ያለው ባለሱቅ፣ ያን ቀን ሊያበሽቀኝ መጣ። «ሟቹ፣ ደመወዝህ መጣ፤ አሁን ከመቃብር ወጥተህ ትፈርማለህ» አለኝ። የስፌት መኪናዬን አስጮህኩበት።

ጥቂት ሰንብቶ ከዚያው መሥሪያ ቤት ትዕግሥት የምትባል ወጣት ሠራተኛ መጣች። የከተማውን መታሰቢያዎች እየዞረች የምትመዘግብ እሷ ናት። ቆሜ ተመለከትኳት። ድንጋዩን ለካች፣ በስልኳ ፎቶ አነሣች። ቀጥላ ያደረገችውን ብታዪ ትወጃት ነበር፤ ስሞቹ ውስጥ የበቀለውን የድንጋይ ሽበት አይታ ሻርፗን አውልቃ በውኃ ነክራ ጠረገችው። ከዚያ በኋላ ወንበር አወጣሁላት።

ስሞቹን እየጠራች የቤተሰባቸውን ነገር ጠየቀችኝ። የማውቀውን ነገርኳት። መጨረሻው ላይ ደረሰችና «አባባ፣ ሞገስ ወልደ ማርያምንስ ያውቋቸው ነበር?» አለችኝ። «በሚገባ» አልኳት። «ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» አለች። «ግትር» አልኳት። ከድር ከበስተኋላ ሆኖ ሆዱን ይዞ ሲስቅ ነገሩ ተገለጠላት።

ሳቁ ካለቀ በኋላ ግን ችግሩ መጣ። ልጅቱ በትሕትና አስረዳችኝ። መሥሪያ ቤታቸው ድንጋዩን ሊረከብ፣ ሊያድሰው፣ ለዘለቄታው ሊጠብቀው ዝግጁ ነው፤ እኔም ዘማች ስለሆንኩ የሕክምና መታወቂያ ይገባኛል። ነገር ግን አንድ ሰው በአንድ መዝገብ ላይ ወድቋልም፣ ቆሟልም ተብሎ አይጻፍም። ስለዚህ ስሜ ከድንጋዩ ይፋቃል፤ ከዚያ ሁሉም ይፈጸማል። ለዚህ ጉዳይ ዕድሜዬን ሙሉ የተሟገትኩ ሰው ነኝና ወዲያው ተስማማሁ። ከድር ደግሞ «እሰይ፣ ሟቹ ተነሣልን» ብሎ ሰፈሩን አዳረሰው።

ድንጋይ ጠራቢው በማለዳ መጣ። ድንጋዩን ውኃ አርከፈከፈበት፤ መሮውን በመጀመሪያው ፊደል ላይ አኖረ። እኔ አጠገቡ ቆሜ አያለሁ። ርጥቡ ድንጋይ ላይ አንድ ነገር ታየኝ፤ እስከዚያ ቀን ተጠግቼ ተመልክቼው አላውቅም ነበር። የሌሎቹ ልጆች ስም ሻካራ ነው። የእኔ ስም ግን ልስልስ ብሏል፤ የፊደሉ ጠርዝ እንደ ወንዝ ጠጠር ተሸርሽሯል። በጨርቅሽ ነው። ከሌሎቹ ይልቅ ያንን ስም አጥብቀሽ ስታሺው ኖረሻል።

«ተው!» አልኩ። ጠራቢው «ጋሼ፣ ለአንዲት ስም ብዬ ከሩቅ ነው የመጣሁት» አለ። መልስ ከመስጠት ይልቅ ድንጋዩ ፊት መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ጉልበቴን ታውቂዋለሽ፤ ከተቀመጥኩ በቀላሉ አልነሣም። ከድር ሮጦ መጣ። ይህን ሁሉ ዘመን ፋቁልኝ እያልክ ያደረቅኸን አንተ አይደለህም ወይ ብሎ ጮኸብኝ። እኔም እንዲህ አልኩት፦

«ያኔ የዘነበችን ወገን የምትይዘው ዘነበች ነበረች። አሁን ማን ይያዝላት?»

ጠራቢው መሮውን በከረጢቱ ከተተ።

ትዕግሥት ስትሰማ መጣች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። መታወቂያው ይቀርብዎታል ብትለኝ ይቅር ባልኳት፤ ያለሱም እዚህ ደርሻለሁ። እሷ ያነሣችው ግን ድንጋዩን ነው። በሕይወት ያለ ሰው ስም ያለበትን መታሰቢያ መዝግቦ ሊረከብ መሥሪያ ቤቱ አይችልም አለች። ካልተረከበው የሚጠብቀው እኔና ዕድሩ ነን። ዕድሩ ደግሞ ወደ ዳር ተበትኗል፤ እኔም ያው ነኝ። «ጋሽ ሞገስ፣ ከእርስዎ በኋላ ማን ያጥበዋል?» አለችኝ። ስሙን ብሰጥ ሸምሱ ሁለተኛ ይሞታል፤ ባልሰጥ ድንጋዩ ከነልጆቹ ወላጅ አልባ ይሆናል። እንቅልፍ ያጣሁት ያን ሳምንት ነው።

በመጨረሻ ሙሉ ልብሴን፣ ያንን ላንቺ ቀብር የለበስኩትን፣ ተኩሼ ለበስኩና ወደ መሥሪያ ቤቱ ወጣሁ። ወንበር እንደተገዛ ገምቼ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ተገዝቷል። ነገር ግን ወንበሮቹ ላይ ሰዎች ነበሩ። ዓይኑን ያጣ፣ እጁን ያጣ፣ ልጇን ያጣች እናት፤ አንዱ ሌላውን በክንዱ ይዞ ተራውን ያሳየዋል። ክፉ ልናገር ተዘጋጅቼ ገባሁና ያንን አይቼ ግማሹን ዋጥኩት።

ኃላፊው በክራንች የሚሄድ፣ ከእኔ ብዙ የሚያንስ ሰው ነው፤ እሱም ከግንባር የተመለሰ ነው። ከመቀመጫው ተነሥቶ ተቀበለኝ፤ ለእሱ መነሣት ቀላል አለመሆኑን ስላየሁ እኔም እሱ እስኪቀመጥ አልተቀመጥኩም። እንዲህ ስንጠባበቅ ጥቂት ቆየን። ከዚያ የካፖርቱን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት። አንቺ በዕድሩ ጉባኤ ላይ ያልሽውንም ነገርኩት። አላቋረጠኝም። ስጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፦

«ጋሽ ሞገስ፣ ካፖርቱን አውሰውት ነው ወይስ ሰጥተውት? ውሰት ከሆነ ስሙም የእርስዎ ነው፤ መፋቅ አለበት። ከሰጡት ግን ካፖርቱ የእሱ ነው፤ ኮሌታው ላይ ያለውም የእሱ ነው። እንደዚያ ብለን እንመዘግበዋለን።»

ዘነበች፣ እግዚአብሔር ያሳይሽ። ያን ሁሉ ዘመን አንቺ በልቅሶ፣ በሳቅ፣ በኩርፊያ ያላስቀየርሽኝን አንዲት ቃል ያ ሰውዬ እጁን ጠረጴዛው ላይ አጣጥፎ ይጠብቃታል። «አስቤ እመለሳለሁ» ልል አፌን ከፈትኩ። ትዕግሥት በሩ አጠገብ ቆማ ታየኛለች። አንቺ ሁልጊዜ በምትሆኚበት በግራዬ በኩል ደግሞ ባዶ ወንበር ነበር።

«ሰጥቼዋለሁ» አልኩ።

እንግዲህ ማን እንደረታ ይኸው። አንቺ ነሽ። እንዳትኩራሪ።

ስሙ ሳይነካ ቀረ። ያው ጠራቢ ተመልሶ ከሥሩ አነስ ባለ ፊደል «በዚህ ስም የወደቀው ሸምሱ ነው» ብሎ ቀረጸበት። ፊደሎቹ መሥመር እንዳይስቱ በስፌት ጠመኔዬ ያሰመርኩለት እኔ ነኝ፤ ሳላሰምርለት ሊጀምር ነበር። ድንጋዩ የታደሰ ዕለት ወደ ዳር የወጡት ጎረቤቶቻችን ሁሉ መጡ። ታክሲውን ሞልተው ወረዱ። የነፍስ አባትሽ ለልጆቹ ጸሎት አደረሱ። ቀጥሎ ከድር ጫማውን አውልቆ፣ መዳፉን ዘርግቶ፣ «ሞገስ ወልደ ማርያም» ከሚለው ስም ፊት ቆሞ ለሸምሱ ዱዓ አደረገለት። ሲያልፍ የቆመ አንድ መንገደኛ ግራ ገብቶት ሟቹ ምን ሃይማኖት ነበር ብሎ ጠየቀ። ከድር ዓይኑን እየጠረገ «ስሙ ክርስቲያን ነው፣ ልጁ ሙስሊም ነው፣ ካፖርቱ ደግሞ የመንግሥት ነው» አለው። የሰፈሩ ሰው ሳቁን መያዝ አቃተው፤ ቄሱም ጭምር። መታሰቢያ ላይ ይሳቃል ወይ ብዬ ተቆጣሁ፤ ግን እኔም ስቄ ነበር።

ከድር ወደ ቡታጅራ ወገን ዘመዶች አሉት፤ በዚያ ዘመን ሸምሱ የሚባል ልጅ ዘምቶ የቀረበት ቤት እንዳለ እንዲያጠያይቁ አደራ ብሏል። ትዕግሥትም በበኩሏ እየፈለገች ነው። ቤተሰቦቹ ቢገኙ ወደ ማን እንደሚልኳቸው ያውቃሉ።

መታወቂያዬም መጣ። ሐኪሞቹ ለቀኝ ጆሮዬ መስሚያ ሰጡኝ። ከምኒልክ አደባባይ የባቡሩን ድምፅ ቤቴ ድረስ እሰማለሁ፤ ከድር ስለ እኔ በሹክሹክታ የሚያወራውንም ጭምር፣ እሱ ገና አላወቀም። በዚህ ሁሉ ዘመን እንድሰማሽ ብለሽ በግራዬ ትሄጂ ነበር፤ መኪና በሚያልፍበት በኩል እንኳ ቢሆን ቦታሽን አትለቂም። አሁን በፈለግሽው በኩል መሄድ ትችዪ ነበር። እኔ ግን ስሄድ አሁንም ግራዬን ባዶ እተዋለሁ።

ድንጋዩን መሥሪያ ቤቱ የቀጠረው ሰው ያጥበዋል። ጎበዝ ነው፤ ጨርቁን ግን በደንብ አይጨምቀውም። ስለዚህ በጊዮርጊስ ዕለት እንዳይመጣ ነግሬዋለሁ። ያ ቀን ያንቺ ነው፤ ጨርቅሽን ይዤ እኔ አጥባለሁ። አበባውንም ከዚያ ስም ሥር አኖራለሁ፤ ከእንግዲህ በቁሜ ስጪኝ የሚል የለም። እግሬ እስካለ ይህ አይቀርም። እግሬ ሲቀር ሰናይት ትተካለች፤ አስምያታለሁ።

ለዕድሩም ነግሬአለሁ፤ የሞትኩ ዕለት ስሙ ድንጋዩ ላይ ስላለ ይበቃዋል እንዳይሉ። ያ ስም የእኔ አይደለም። ለእኔ ካንቺ አጠገብ አዲስ ይጻፍልኝ፤ ፊደሉ እንዳይጣመም ሰናይት ትቆጣጠር።

እስከዚያው፣ እዚያ ያለሽበት ቦታ ሸምሱ የሚባል፣ ከልኩ የሚሰፋ ካፖርት የለበሰ ልጅ ብታገኚ መልእክት አድርሺልኝ። ሲነጋ ይመልስልኛል ብዬ ስጠብቀው ኖርኩ፤ አሁን መጠበቁን ትቼዋለሁ። ከነስሙ መርቄለታለሁ በዪው።

ያንቺው፣
ሟቹ